ፍላሹ እምቢ ያለበት ቁጥር፦ 4,294,967,295

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ሐዋሳ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁ። ሰሞኑን ሐይቁ ዳር የተቀረጸ ሠርግ ለሙሽሮቹ በፍላሽ ልሰጥ ስል ኮምፒውተሩ ‹ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው› ብሎ መለሰኝ። ቪዲዮው 6 ጊጋባይት ነው፤ ፍላሹ ባለ 32 ጊጋባይት፣ ያውም ባዶ። ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ‹ገደቡ 4,294,967,295 ባይት ነው፤ ከዚያ አንድም ባይት አያልፍም› አለኝ። ምነው አራት ቢሊዮን ብለው አልዘጉትም? ቁጥሩ በሂሳብ የተለየ ነገር አለው? አሥረኛ ክፍል የምትማረው እህቴ ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ይሆን ወይ ትላለች። የዚህን ያህል ትልቅ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ሰው በእጁ ሊያረጋግጥ ይችላል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ሙሽሮቹ እንዳይጠብቁ አስቀድመን የፍላሹን ጉዳይ እንጨርስ። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው አሠራር ነው። ኤክስፋት በሚባለው እንደገና ፎርማት ቢያደርጉት ቪዲዮው ይገባል። ፎርማት ማድረግ በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ፍላሹ ባዶ መሆኑን ደግመው ያረጋግጡ። የቆዩ ቴሌቪዥኖች ኤክስፋትን ላያነቡ ይችላሉ፤ የሙሽሮቹ ቴሌቪዥን እንዲያ ከሆነ ቪዲዮውን ለሁለት ከፍለው በነበረው ፍላሽ ይስጧቸው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ትልልቅ ቁጥር ሁሉ ምሥጢር አለው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አሥር አሃዝ ካላቸው ቁጥሮች እንዲያው አንዱን ቢያነሱ ስለ እሱ የሚነገር ቁም ነገር ማግኘት ይከብዳል። ጓደኛዎ የነገረዎት ቁጥር ግን እኔ እዚሁ ሐዋሳ ለተማሪዎቼ የቁጥር ትምህርት ስጀምር ደጋግሜ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነው፤ ከጎኑ ካሉት ሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ይዟል።

የኮምፒውተሩ ነገር ቀላል ነው። በፋት32 አሠራር የእያንዳንዱ ፋይል መጠን የሚመዘገበው 32 ቦታዎች ባሉት መዝገብ ነው። በአንዱ ቦታ 0 ወይም 1 እንጂ ሌላ አሃዝ አይገባም። የመጀመሪያው ቦታ ዋጋ 1፣ የቀጣዩ 2፣ ከዚያ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ ያድጋል፤ ሠላሳ ሁለተኛው ቦታ 2,147,483,648 ይደርሳል። ሁሉም ቦታ 1 ሲሞላ ድምሩ 4,294,967,295 ይሆናል። ከዚያ በላይ አንድ ባይት ለመጻፍ ሠላሳ ሦስተኛ ቦታ ያስፈልጋል፤ የለም። ክብ ቁጥር የጠየቁት እኛ በአሥር ስለምንቆጥር ነው። አራት ቢሊዮንን በ0 እና በ1 ብንጽፈው 11101110011010110010100000000000 ይሆናል፤ ለማሽኑ ይህ ምኑም ክብ አይደለም። የእርስዎ ቁጥር ግን ሠላሳ ሁለት 1 በተርታ ነው። በነገራችን ላይ አንዱን እያጋመሱ ሌላውን በእጥፍ እያሳደጉ የማባዣው ዘዴ፣ በውጭ የሂሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» የሚባለው፣ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፦ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ከሚሉት የተመረጡ ቁጥሮች ድምር ነው። በግዕዝ አኃዝ መጻፍ ለሚወድ ደግሞ ቁጥሩ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፭ ነው።

ወደ እህትዎ ጥያቄ ስንመጣ፣ ብቸኛ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ነው። 4,294,967,295 ብቸኛ አይደለም። መጨረሻው 5 ስለሆነ በ5 ይካፈላል፤ የአሃዞቹ ድምር 57 ስለሆነ በ3ም ይካፈላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቁም ነገሩ ግን የሚጀምረው የቀሩት አካፋዮች እነማን ናቸው ሲባል ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል የተማረችው የካሬዎች ልዩነት ይበቃታል። የአንድን ቁጥር ካሬ ወስደን 1 ብንቀንስ፣ ከቁጥሩ በ1 የሚያንሰውና በ1 የሚበልጠው ሲባዙ የሚገኘው ነው፤ 10 × 10 − 1 = 99 = 9 × 11 እንደሚሆነው ማለት ነው። ቁጥራችን 2³² − 1 ነው፤ 2³² ደግሞ የ65,536 ካሬ ነው። ስለዚህ፦

4,294,967,295 = 65,535 × 65,537

65,535 ራሱ ከ256 ካሬ በ1 የሚያንስ ስለሆነ 255 × 257 ነው። 255 ደግሞ 15 × 17 ነው። 15 ደግሞ 3 × 5። ወደ ታች እየተሰነጠቀ ሄዶ የሚቀረው፦

4,294,967,295 = 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537

አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። ከዚህ በላይ አይሰነጠቅም። እህትዎ በስልኳ ታረጋግጠው፦ ቁጥሩን በ3፣ ውጤቱን በ5፣ ያንን በ17፣ ያንንም በ257 ስታካፍል በተራ 1,431,655,765፣ 286,331,153፣ 16,843,009 እና 65,537 ይወጣሉ። ስምንት አሃዝ ብቻ የሚይዘው የድሮው የሱቅ ካልኩሌተር ለዚህ አይሆንም።

እነዚህን አምስት ቁጥሮች ልብ ብለው ይዩአቸው። እያንዳንዱ 2ን ደጋግሞ ካሬ አድርጎ 1 በመጨመር የሚገኝ ነው፦ 2 + 1፣ 4 + 1፣ 16 + 1፣ 256 + 1፣ 65,536 + 1። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ፣ ሙያው ሕግ የሆነ፣ ሂሳብን በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች በዚህ መንገድ የሚገኝ ቁጥር ሁሉ ብቸኛ ነው ብሎ እንደሚያምን ገለጸ። ማረጋገጫ እንዳላገኘለትም አልደበቀም። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ እውነትም ብቸኛ ናቸው። ስድስተኛው 65,536ን ካሬ አድርገን 1 ስንጨምር የሚመጣው 4,294,967,297 ነው። የፍላሽዎ ገደብ ላይ 2 ቢጨምሩ የሚያገኙት ይኸው ነው።

ይህ ቁጥር ሰዎችን ዘጠና ዓመት ያህል አስቸግሯል። በ3 አይካፈልም፣ በ5 አይካፈልም፣ በ7፣ በ11፣ በ13 ቢሞክሩት ቀሪ ይተዋል። በ1732 የስዊዘርላንዱ የሂሳብ ሊቅ ሌዎንሃርድ ኦይለር በ641 እንደሚካፈል አሳየ፦

4,294,967,297 = 641 × 6,700,417

ኦይለር በ3 ጀምሮ በቅደም ተከተል እያካፈለ እዚያ የደረሰ የሚመስላቸው አሉ። መንገዱን በኋላ ባሳተመው ሥራው ገልጾታል፤ ከውጤቱ ይልቅ መንገዱ ይበልጥ ደስ ይላል። 4,294,967,297ን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ካለ፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን በእሱ ስናካፍል የሚወጡት ቀሪዎች በየ64 እርምጃ ይደጋገማሉ። 2³² ላይ ቀሪው 1 የሚጎድለው ይሆናል፣ 2⁶⁴ ላይ ወደ 1 ይመለሳል፣ ከዚያ በፊት አይመለስም። የፌርማ ራሱ ሕግ ደግሞ ይህ የመደጋገሚያ ርዝመት ከአካፋዩ በ1 የሚያንሰውን ቁጥር ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት ይላል። ስለዚህ አካፋዩ የግድ የ64 ብዜት ሲደመር 1 ነው፦ 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641። ከእነዚህ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ብቻ ናቸው። በመቶ የሚቆጠር ማካፈል ይጠይቃል የተባለው ሥራ በአምስተኛው ሙከራ አለቀ። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካ በ1878 አካፋዩ የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን እንዳለበት አረጋገጠ፤ በእሱ ከሄድን ደግሞ የሚሞከሩት 257 እና 641 ብቻ ይሆናሉ።

641 እንደሚያካፍል ለማየት ካልኩሌተርም አያስፈልግም። እንዲህ ነው፤ ወረቀት ይያዙ። 641ን በሁለት መልክ እንጻፈው፦ 641 = 5 × 128 + 1፣ እንዲሁም 641 = 625 + 16። የመጀመሪያው 5 × 2⁷ን በ641 ስናካፍል 1 ይጎድላል፣ ማለትም ቀሪው −1 ነው ይለናል። ይህን አራት ጊዜ በራሱ ብናባዛው −1 ወደ 1 ይለወጣል፤ ስለዚህ የ5⁴ × 2²⁸ ቀሪ 1 ነው። ሁለተኛው ደግሞ 5⁴፣ ማለትም 625፣ በቀሪ ሂሳብ ከ−16 ጋር አንድ ነው ይለናል፤ 16 ደግሞ 2⁴ ነው። በ5⁴ ቦታ −2⁴ን ስንተካ የ−2³² ቀሪ 1 ይሆናል። እንግዲያው የ2³² ቀሪ −1 ነው፤ 1 ሲጨመርበት ምንም አይቀርም። ሦስት መስመር የማይሞላ ማረጋገጫ ነው። በክፍል ውስጥ ይህን ስጨርስ ዝም ከሚሉት ይልቅ «625ና 16ን ማን አሰበው?» ብለው የሚቆጡትን ተማሪዎች እወዳለሁ።

ፌርማ ይህን እንዴት ሳተው የሚለው እኔንም ይገርመኛል፤ መሣሪያው በእጁ ነበርና። አሁን የጠቀስኩት ሕጉ፣ እሱም በ1640 የጻፈው፣ ለማንኛውም ቁጥር አንድ ፈተና ይሰጣል፦ ቁጥሩ የማያካፍለውን ሌላ ቁጥር ይውሰዱ፣ ከቁጥሩ በ1 በሚያንስ ርቢ ከፍ ያድርጉት፣ በቁጥሩ ሲካፈል ቀሪው 1 ካልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። 4,294,967,297ን በ2 ብንፈትነው ቀሪው 1 ይወጣል፣ ፈተናውን ያልፋል። ያታልላል። በ3 ስንፈትነው ግን ቀሪው 3,029,026,160 ነው፤ ወደቀ። የሚያስፈልገው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ካሬ ማድረግና በየጊዜው ቀሪውን መያዝ ነው። በእጅ አድካሚ ነው፣ ሆኖም ትዕግሥት ላለው ሰው የሚቻል ሥራ ነው።

ወደ እርስዎ ቁጥር ልመለስ፤ የማደንቀው ጠባዩ ገና ነው። ከ15 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን እስከ 15 ድረስ ይቁጠሩ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 8፣ 11፣ 13፣ 14። ስምንት ናቸው። ከ16 ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ደግሞ ጎዶሎዎቹ ናቸው፤ እነሱም ስምንት። ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች እኩል ወጡ። ለ3 እና ለ4 ቢሠሩት ሁለት ሁለት ይወጣል። ለ255 እና ለ256፣ ለ65,535 እና ለ65,536 እንዲሁ። የእርስዎ ቁጥርና ተከታዩም እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 2,147,483,648 ይሰጣሉ። ስሌቱ ከአምስቱ አካፋዮች 1፣ 1 እየቀነሱ ማባዛት ነው፦ 2 × 4 × 16 × 256 × 65,536። ሁሉም የ2 ርቢ ስለሆኑ ብዜታቸውም የ2 ርቢ ሆኖ ይገጥማል። ቀጣዩ እርምጃ ላይ ግን ይህ ውበት ይፈርሳል። ኤክስፋት የፋይሉን መጠን በ64 ቦታ ስለሚመዘግብ የመዝገቡ ጣሪያ 18,446,744,073,709,551,615 ነው። ይህ ቁጥር የእርስዎ ቁጥር ሲባዛ በ4,294,967,297 ነውና 641 እና 6,700,417 ገብተውበታል፤ 640ም 6,700,416ም የ2 ርቢ አይደሉም። ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ እዚያ ላይ ይቆማል።

የጥንት ግሪኮች በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ጎኖቹም ማዕዘኖቹም እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት፣ ጎነ አምስት፣ ጎነ አሥራ አምስት መሥራት ያውቁ ነበር፤ ጎነ ሰባት እምቢ አላቸው። በ1796 ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ጎነ አሥራ ሰባት እንደሚቻል አሳየ። የጎኖቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ የሚቻለው፣ ቁጥሩ ከፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች የአንዱ ወይም የተለያዩት ብዜት ሲሆን ነው፤ ሌላው እንደማይቻል በ1837 ማረጋገጫውን ያሳተመው ፒየር ቫንትዜል ነው። አምስቱን ቁጥሮች በሚቻለው መንገድ ሁሉ ብናባዛቸው 31 ውጤት እናገኛለን፤ የመጨረሻውና ትልቁ አምስቱም የተባዙበት ነው፣ 4,294,967,295። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት፣ በማስመሪያና በኮምፓስ ሊሠሩ ከሚችሉት ባለ ጎዶሎ ጎን ጎነ ብዙዎች ሁሉ ትልቁ የፍላሽዎ ገደብ ያህል ጎን ያለው ነው። እያንዳንዱ ጎን አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ዙሪያው 4,295 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለውን መንገድ ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ ይወስዳል። የሚሞክር የለም ብለው አይሳቁ። ዮሃን ጉስታፍ ሄርሜስ የሚባል ጀርመናዊ ስለ ጎነ 65,537 አሠራር አሥር ዓመት ለፍቶ በ1894 ጨርሶታል፤ ጽሑፉ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእህትዎ። የፓስካልን ጎነ ሦስት ታውቀዋለች፤ ከላይ ያሉ ሁለት ጎረቤቶችን እየደመሩ የሚወርዱበት ነው። ጎዶሎውን ቁጥር በ1፣ ተጋማሹን በ0 ትተካው። የሚወጡት ረድፎች 1፣ 11፣ 101፣ 1111፣ 10001፣ 110011 ናቸው። አሁን እንደ ኮምፒውተር አቆጣጠር ታንብባቸው፦ 1፣ 3፣ 5፣ 15፣ 17፣ 51፣ ቀጥሎም 85፣ 255፣ 257። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሁለት ረድፎች የ4,294,967,295 ሠላሳ ሁለት አካፋዮች ናቸው፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰልፈው። ሠላሳ ሁለተኛው ረድፍ ራሱ ቁጥሩ ነው፣ ሁሉም 1። ሠላሳ ሦስተኛው ግን 1፣ ከዚያ ሠላሳ አንድ ዜሮ፣ ከዚያ 1 ነው፤ ያ ኦይለር የሰበረው 4,294,967,297 ነው። ይህን ጎነ ሦስት በካሬ ወረቀት ላይ ጥቁርና ነጭ እያደረገች ብትሠራው ረፋድ አይፈጅባትም።

ስድስተኛ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር ቢገኝ ከላይ የጻፍኩት «ትልቁ» ይሻራል። እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። 2ን ከአምስት እስከ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ካሬ አድርጎ 1 በመጨመር የሚገኙት ሃያ ስምንቱም ብቸኛ አለመሆናቸው ታውቋል። ከእነሱ ሁለቱ፣ ሃያ ጊዜና ሃያ አራት ጊዜ ካሬ የተደረጉት፣ ብቸኛ አለመሆናቸው የታወቀው ፌርማ ሳይጠቀምበት የቀረውን ፈተና በመሰለ ዘዴ በ3 ተፈትነው ነው፤ አካፋያቸው ግን ማን እንደሆነ አንድም አልተገኘም። ያልተፈታው የመጀመሪያው ሠላሳ ሦስት ጊዜ ካሬ የተደረገው ነው። በአሥር አቆጣጠር ቢጻፍ 2,585,827,973 አሃዞች አሉት። አንድ አሃዝ አንድ ባይት ቢይዝ፣ ይህ ቁጥር በፋት32 ፍላሽዎ ላይ ይገባል። ቀጣዩ ግን ከአምስት ቢሊዮን አሃዝ በላይ ስላለው እንደ ሠርጉ ቪዲዮ ይመለሳል።

የቀረው «ሰው በእጁ ሊያረጋግጥ ይችላል?» ያሉት ነው። ይችላል፤ 6,700,417 ብቸኛ መሆኑን በማረጋገጥ ላሳይዎ። አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከስኩዌር ሩቱ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ ይኖረዋል። የዚህ ስኩዌር ሩት 2,588 ተኩል ገደማ ነው፤ እስከዚያ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር በመቶዎች የሚቆጠር ማካፈል ነበር። ነገር ግን 6,700,417ን የሚያካፍል ሁሉ 4,294,967,297ንም ያካፍላልና የሉካ ሕግ ይይዘዋል፦ የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። እስከ 2,588 ድረስ እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች አምስት ብቻ ናቸው፦ 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409። 257 ወዲያው ይወጣል፤ 4,294,967,295ን እንደሚያካፍል አይተናል፣ በ2 ብቻ የሚበልጠውን ጎረቤቱን ደግሞ ሊያካፍል አይችልም። የቀሩትን አራቱን እህትዎ በእስክሪብቶ ታካፍላቸው፤ በትክክል ከሠራች የምታገኛቸው ቀሪዎች በተራ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው።